«ነግ በእኔ» ማለት ለምን ተሳነን?



ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያትና ጎሮ ባሉት ሠፈሮቻችን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ምክር ነው፦ «ልጄ፣ የጻፍከውን አጥፋው፤ አንተን ምን አገባህ?» ሁለተኛው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሻይ እየተጠጣ የሚባል ነው፦ «መንግሥት ፌስቡኩንና ቲክቶኩን ቢከታተል ምን አለበት? ዲናችንን የሚሰድቡት አደብ ይገዛሉ።» የመጀመሪያው ከፍርሃት፣ ሁለተኛው ከቁጭት ይመነጫል። የሁለቱም መድረሻ ግን አንድ ነው፤ የሰውን አፍ ለሚለጉም እጅ በር መክፈት ነው። የፈራ ሰው ይታዘንለታል። የሌላው አፍ ሲዘጋ ያጨበጨበ ግን ሊጠየቅ ይገባዋልና በዚህ ጽሑፍ የምንሞግተው በተለይ እርሱን ነው።

ቁጭቱ መሠረት የለውም አንልም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶቻችን ተቃጥለዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ተገድለዋል፤ ቀናት ሳይቆጠሩም በስልጤ፣ ወራቤ ላይ የክርስቲያን ወገኖቻችን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዐረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገድለዋል። ስለዚህ ክፉ ቃል ደም እንደሚያፈስ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ሰውን በስሙና በአድራሻው ለይቶ «ይህን ግደሉት» የሚል ሰው ሐሳቡን ገለጸ አይባልም፤ ወንጀል ሠራ ይባላል፤ ሊጠየቅም ይገባዋል።

ነገር ግን ልብ ብለን እንመልከት። ፕሮፌሰሩ የሞቱት የሰው ስልክ የሚጠልፍ ጆሮ ጠፍቶ ነውን? አይደለም። ጽሑፉ በአደባባይ ላይ ነበር፤ ሺዎች አይተውታል። ቤተሰባቸው ለኩባንያው ደጋግመው አመልክተው በጊዜው ሰሚ እንዳላገኙ ይናገራሉ። ልጃቸውም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። እንግዲህ የጎደለው ምን ነበር? አቤቱታን በጊዜው የሚሰማ፣ ሊገደል የተዛተበትን ሰው ደርሶ የሚጠብቅ ኃይል ነው የጎደለው። በአደባባይ የተጮኸውን ያልሰማ ጆሮ በየቤታችን የሚንሾካሾከውን እንዲሰማ ፈቃድ ስንሰጠው ምን ያተርፍልናል?

ይህ ጆሮ እስከ ዛሬ ምን ሲያዳምጥ እንደኖረ ከማንም በላይ ልናውቅ የሚገባን እኛ ነን። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሙ ኅብረተሰብ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊዳችን ይካሄድ፣ አወሊያ ለሕዝበ ሙስሊሙ ይመለስ ብሎ ጠየቀ። አሥራ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴም መርጦ ላከ። «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው ጥሪ ከመስጊድ ወደ መስጊድ የተላለፈው በአብዛኛው በፌስቡክ ነበር። ጥያቄው በሰላማዊ መንገድ ቀረበ፤ መልሱ ግን እስር ሆነ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላት ተያዙ፤ «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም አብሮ ታሰረ። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ሳለ በጥር 2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየባቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 መሠረት በአሥራ ስምንት ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። ሃያ ሁለት ዓመት ከተፈረደባቸው አንዱ የሆነው ጸሐፊው አሕመዲን ጀበል ከእስር የወጣው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ሰዎች ከእስር ቤት ያስገባቸው ያነሡት ሰይፍ አልነበረም፤ የተናገሩትና የጻፉት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጥ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ ወህኒ ቤት ነው፤ ወህኒ ቤቱ ስምንት ዞኖች ስላሉት ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለነው እኛ ሁላችን ነን ለማለት ነበር። የኢንተርኔት መልእክታቸውን ከጠላፊ ለመጠበቅ መማራቸው ሳይቀር በክሱ ውስጥ ተጠቀሰ። ዮናታን ተስፋዬ ደግሞ በፌስቡክ በጻፈው ምክንያት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ታስሮ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። እነዚህ ወጣቶች የተከሰሱበት አዋጅ የእኛ ወንድሞች የተፈረደባቸው ያው አዋጅ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር «ሃኪንግ ቲም» ከተባለ የጣሊያን ኩባንያ በመጣ የስለላ ሶፍትዌር እንደተሞከረበት ይፋ አደረገ።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። እነዚያ ወጣቶች ሲታሰሩ ስንቶቻችን «ይህ የእኛም ጉዳይ ነው» አልን? ስንቶቹ ጎረቤቶቻችንስ የእኛ ሰዎች ሲታሰሩ «አንድ ነገር ቢኖርባቸው ነው» ብለው አለፉ? አበው «ነግ በእኔ» ያሉት ለዚህ ነበር። ሁሉም በየተራው ሲያልፍ ሁሉም በየተራው ተያዘ።

«ያ የድሮው ነው፤ ሕጉ ተለውጧል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። በዚያው ዓመት ግን፣ የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። ይህ አዋጅ በጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር፣ በሐሰተኛ መረጃ እስከ አንድ ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል። ሐሰተኛ መረጃውን ያሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። በሃይማኖት ምክንያት ጥላቻን መስበክን መከልከሉ ለእኛም ጥበቃ ሊሆን በቻለ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ሐሰት ነው፣ ሁከትም ያስነሳል» ብሎ መጀመሪያ የሚወስነው ማነው? ወሳኙ አቤቱታ የቀረበበት ባለሥልጣን ራሱ ከሆነ፣ «መስጊዳችን ፈረሰ» የሚል ጩኸትስ ከየትኛው መዝገብ ሊገባ ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሳነው ለመላምት አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ችግር በተነሣ ጊዜ፣ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። ያን ቀን ከመካከላችን «ይህ የእነሱ ጣጣ ነው» ያልን አልጠፋንም። ገደቡ ግን ለወራት ሳይነሣ ቆየ። በዚያው የጸደይ ወራት አዲስ አበባን ከምሥራቅም ከምዕራብም በከበበው ሸገር ከተማ በርካታ መስጊዶች ፈረሱ። ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ጁምዓ ዕለት በአንዋር መስጊድ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ያን ጊዜ የፈረሰውን መስጊድ ምስል ለወገን ለማሳየት ወጣቶቻችን በቪፒኤን መንገድ ዞረው መግባት ነበረባቸው። ለጎረቤታችን አፍ የተሰፋው ልጓም በእኛው አፍ ላይ ልክክ ብሎ ገጠመ። ገደቡ የተነሣው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። በቦሌ በኩል የመጡ የዓለም እንግዶች በኅዳር 2015 ዓ.ም. ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር እዚሁ አዲስ አበባ ሲመክሩ የትግራይ ሕዝብ ለሁለት ዓመት ግንኙነቱ ተቋርጦበት እንደነበረም አንዘንጋ። እዚያም ሙስሊም አለ፤ እዚያም እናት አለች።

«ያልሠረቀ ምን ያስፈራዋል?» የሚሉም አሉ። ወንድሜ ሆይ፣ በመስኮትህ ላይ መጋረጃ የሰቀልከው ሌባ ስለሆንክ ነውን? የቤተሰባችሁ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ምን እንዳለ አስብ፤ የሚስትህና የሴቶች ልጆችህ የቤት ፎቶግራፍ አለ፤ እህትህ ስለ ትዳሯ ለዓሊም የላከችው ጥያቄ አለ፤ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት የዘመድ ለቅሶ አለ። ይህ ሁሉ ሰትር ነው። የማያውቅህ ሹም ቢያየው በወንጀል ላይከስህ ይችላል፤ ሰትርህ ግን ተገፏል። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት እንዲከበር ደንግጓል።

በዲናችን ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይጠብቃል። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን ሳናጣራ እንዳናምን ያዝዘናል፤ መሳለቅን፣ ሐሜትንና የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክለናል። ልብ እንበል፤ ምላስን የሚገራውና ሰላይን የሚያግደው አንድ ምዕራፍ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። የዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክም በዑለማዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በመዲና ሌሊት ሲዞሩ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰምተው በግድግዳው ላይ ወጥተው ገቡ፤ ሰውየውንም ከመጠጥ ጋር አገኙት። ሰውየው ግን እኔ በአንድ ነገር ብሳሳት እርስዎ በሦስት ተሳስተዋል፤ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ፈቃድ ጠይቀው ሰላምታ አላቀረቡም ሲል መለሰላቸው። ዑመርም እውነቱን ተቀብለው ትተውት ወጡ። በፍትሑ ዓለም የመሰከረለት፣ በአላህ ፍራቻው ወደር ያልነበረው ኸሊፋ እንኳ ግድግዳ ላይ ለመውጣት መብት ካልነበረው፣ ከዑመር በታች ላለ ሹም ይህን መብት የምንሰጠው በየትኛው ማስረጃ ነው?

ታዲያ ምን እናድርግ? የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ማንም የሰው ስልክና መልእክት ሊፈትሽ ሲፈልግ በበሩ ይግባ፤ ምክንያቱን ለዳኛ አስረድቶ ፈቃድ ይዞ ይምጣ። ሕግ የሚቀጣው ሰውን ለጥቃት ያጋለጠን ቃል ይሁን፤ ሹምን ያስከፋን ቃል አይሁን። በጥቂቶች ጥፋት የሕዝብ ሁሉ ግንኙነት አይቋረጥ። ከሀገራችን ገንዘብ የሚያገኙት ኩባንያዎችም ቋንቋዎቻችንን የሚያውቁ በቂ ሠራተኞች ይኑሯቸው፤ የሞት ዛቻ ሲነገራቸውም በሰዓታት ይንቀሳቀሱ። ይህን ስንጠይቅ ለኦርቶዶክሱም፣ ለፕሮቴስታንቱም፣ እምነቱን ለማናውቀውም ጸሐፊ ጭምር እንጠይቅ። ለራስ ብቻ የሚጠየቅ ፍትሕ ልመና ነው።

በቤታችንም ሥራ አለብን። ልጃችን ሌላውን የሚሰድብ ቪዲዮ ሲያጋራ ብናይ ፖሊስ እስኪያርመው አንጠብቅ፤ እኛው እናርመው። ያላጣራውን እንዳያስተላልፍ፣ በጅምላ እንዳይፈርድ፣ የሰውን አድራሻና ፎቶግራፍ ለቁጡ ሕዝብ እንዳይሰጥ እናስተምረው። እውነት ተናግሮ ሲገኝ ግን «አጥፋው» አንበለው። ቃሉን እንዲያሳምር፣ ማስረጃውን እንዲይዝ፣ ከዚያም እንዲናገር እናበርታው። ክፉ ከመናገርና ዝም ከማለት ሌላ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ከእኛ ካልተማረ ከማን ይማራል?

እንግዲህ ነገ ከሻይ ቤቱ «ይከታተሏቸው፣ ይሰሯቸው» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። «እነማንን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከቦሌ ሚካኤል ተነሥቶ ጎሮ ሳይደርስ የራሳችሁን ደጃፍ ያንኳኳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከክፋት፣ ቤታችንን ከሰላይ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።