የእረፍት ቀንሽ አብሮሽ ባሕር ይሻገራል

እህቴ፣ ሰኔ ሲጋመስ በየቤቱ ሻንጣ ከቁም ሣጥን ላይ ይወርዳል። የልጆቹን ልብስ ታጥፊያለሽ፣ የአያትየዋን መድኃኒት በየቀኑ እየለየሽ ታስቀምጫለሽ፣ ከዚያ አንድ ማታ ማዳም «አንቺም አብረሽን ትሄጃለሽ» ትልሻለች። ለጓደኛሽ ስትደውይላት «ታድለሽ፣ አውሮፓ!» ትላለች። ቪዛው ይወጣል፣ ትሳፈሪያለሽ፣ ስድስት ሳምንት ቆይተሽ ትመለሻለሽ። ያየሽው ምንድን ነው? ሌላ ወጥ ቤት፣ ሌላ የልብስ ማጠቢያ፣ በሌላ መስኮት የሚታይ ባሕር።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዓረብኛ ነው፤ አሁን የምተዳደረው የእናንተን ኮንትራት፣ አቤቱታና የሐኪም ወረቀት ከዓረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ እየመለስኩ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ደንበኛ ለስብሰባ አስተርጓሚ ፈልጎ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ወሰደኝ። የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት ሽሽት ብዙ የባሕረ ሰላጤው ቤተሰቦች የሚሄዱት ወደዚያው ወደ ኒስና ወደ ካን ነው። ኒስ ውስጥ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም የእግር መንገድ አለ፣ ፕሮሜናድ ዴዛንግሌ ይባላል። አንድ አመሻሽ እዚያ ተቀምጬ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ልጅ በስልክ በአማርኛ ስታወራ ሰማሁ። ስሟን አልጠቅስም። ከቤተሰቡ ጋር ስትመጣ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር።

«ሞናኮስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ በመኪና። መንገድ ላይ ሕፃኑ አስመለሰው። እሱን ሳጸዳ ደረስን፣ እሱን ሳስተኛ ተመለስን።»

«በባቡርስ?»

ሳቀች። «የዚያ አገር ባቡር በእኔ ደመወዝ?»

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ሳቅ መልስ ለመስጠት ነው። ሞናኮ ውድ ናት፣ ውሸት የለውም። ከቫቲካን ቀጥላ በዓለም ትንሿ አገር ናት፤ ስፋቷ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነዋሪዋ ከ40 ሺህ በታች ነው። ከ1869 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነዋሪዋን የገቢ ግብር ስለማታስከፍል የዓለም ባለጠጋ ይሰበሰብባታል። ባለጠጋው ግን የሚገባው በመኪና፣ በመርከብ ወይም ከኒስ አውሮፕላን ማረፊያ ደቂቃዎች በሚፈጅ ሄሊኮፕተር ነው። ባቡሩ የሠራተኛ ነው። በየቀኑ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ለሥራ ወደ ሞናኮ የሚገባው ሰው እዚያ ከሚኖረው ሰው ይበልጣል፤ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሳህን የሚያጥበው፣ ሕፃን የሚይዘው። ትኬቱም የተተመነው በእነሱ አቅም ነው፤ ከኒስ ሞናኮ ለአንድ ጉዞ የሚከፈለው ጥቂት ዩሮ ነው። አንዱን ዩሮ በአራት ድርሃም አካባቢ አስቢው። ለቤተሰብሽ የምትልኪውን ሳትነኪ፣ ለአንድ ወር የስልክ ካርድ ከምታወጪው ጋር አወዳድሪው።

ስለዚህ ችግሩ ገንዘቡ አይደለም። ችግሩ ቀኑና ፓስፖርቱ ነው።

ስለ ቀኑ ልንገርሽ። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ የኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15፣ የኤምሬቶች የ2022 አዋጅ ቁጥር 9፣ ሦስቱም ለቤት ሠራተኛ ሳምንታዊ እረፍት ይሰጣሉ። የኳታሩ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ይላል። የኩዌቱ ደግሞ አሠሪው ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ እንደማይችል ይናገራል። እኔ እነዚህን አንቀጾችና በእነሱ ላይ የተጻፉ ኮንትራቶችን ብዙ ጊዜ ተርጉሜያለሁ። «ቤተሰቡ ለሽርሽር ሲወጣ እረፍቱ ይቋረጣል» የሚል መስመር ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም። ሆኖም ቤት ውስጥ የሚታሰበው ሌላ ነው። «እኛ ሽርሽር ላይ ነን፣ እሷም ሽርሽር ላይ ናት» ይባላል። ልጆቹ ሲዋኙ ፎጣ ይዘሽ የቆምሽበት ሰዓት ሽርሽር ሆኖ ይቆጠራል። አይደለም፤ ሥራ ነው። እንዲያውም ከቤቱ የከበደ ሥራ ነው፤ በቤትሽ ያለው ማሽን፣ የምታውቂው ባቅላ፣ በበረንዳ የምታወሪያት የጎረቤት ሠራተኛ፣ አንዳቸውም የሉም።

ልጅቷ ማዳምን ጠየቀቻት። «በሚቀጥለው ሳምንት» ተባለች። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ መጣ። ሦስተኛው ላይ እኔ ደወልኩ። ማዳምየዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን መናገር ያለብኝ እውነት ስለሆነ ነው። የፈራችው ነገር ነበር። «ቪዛዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብትጠፋ የሚጠይቁት እኔን ነው። አንቺ ኃላፊነት ትወስጃለሽ?» አለችኝ። እኔም ፍርሃቱ እንደሚገባኝ፣ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅዋን ያመነቻትን ሴት ለዘጠኝ ሰዓት ማመን እንደማይከብዳት ነገርኳት። ዝም አለች። በመጨረሻ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተፈቀደ፤ ፓስፖርቱ ግን ከካዝና አይወጣም፣ ኮፒውን ትያዝ ተባለ።

እዚህ ላይ እኔ አልተስማማሁም፤ አንቺም አትስማሚ። ፈረንሳይ ውስጥ ፖሊስ የውጭ አገር ሰውን ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ኮፒ ፓስፖርት አይደለም፣ ቪዛውም የተለጠፈው ዋናው ላይ ነው። ይህን ለማዳምየዋ ያልኳት ስለ መብት በመከራከር አልነበረም። «ፖሊስ ቢይዛት የሚደወለው ለአንቺ ነው» ስላት ፓስፖርቱ ወጣ። አንዳንድ ጊዜ መብትሽን የምታገኚው የሌላውን ሰው ጭንቀት በመረዳት ነው። ደስ አይልም፣ ግን ይሠራል።

ከኒስ ዋና ጣቢያ ተሳፈርን። ስትሳፈሪ በጉዞው አቅጣጫ በቀኝ በኩል ተቀመጪ፣ ባሕሩ በዚያ ነው። ከዋሻ ስትወጪ የቪልፍራንሽ ወሽመጥ በአንድ ጊዜ ከሥርሽ ይዘረጋል፤ ቦሊዩን፣ ኤዝን አልፎ ባቡሩ ሞናኮ የሚገባው በተራራ ሆድ ውስጥ ነው። ጣቢያው ራሱ ከመሬት በታች ነው፣ በ1999 የተከፈተ። ከኒስ እስከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፖሊስም ቪዛም የሚጠይቅ በር የለም፤ ወርደሽ መራመድ ነው።

ከተማዋ ገደል ላይ ስለተሠራች በየቦታው ለማንም ነፃ የሆነ የሕዝብ ሊፍት አለ፤ ሌላ ቦታ በዚህ ያህል ሊፍት ተሳፍሬ አላውቅም። ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወጣን። እኩለ ቀን ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀር ዘቦቹ ይቀያየራሉ፣ ማየቱ በነፃ ነው። ታዋቂውን ካሲኖ ከውጭ አየነው። አንድ ነገር ብቻ ስለ ካሲኖው፦ የሞናኮ ዜጎች እዚያ ቁማር መጫወት በሕግ ተከልክለዋል። የእንግዳ ገንዘብ ብቻ ነው የሚበላው። ልጅቷ «ብልጦች!» አለች። አደባባዩ ላይ ካሉት ካፌዎች አትቀመጪ፤ ውኃሽን ከኒስ ይዘሽ ነይ።

ምሳ የበላነው ከወደቡ አጠገብ ባለው የኮንዳሚን ገበያ ነው። ነሐሴ ስለነበር እሷ የፍልሰታ ጾም ላይ ነበረች፣ «እዚህ አገር የጾም የሚባል አይገኝም» ብላ ፓስታ በውኃ ቀቅላ ትበላ ነበር። ሶካ የሚባል ነገር አለ፦ የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና የወይራ ዘይት፤ በትልቅ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ በቁንዶ በርበሬ የሚበላ። ለጾመኛም፣ ሐላል ለምትፈልግም ይሆናል፣ በጥቂት ዩሮ። ባርባጁዋን የሚባለው የተጠበሰ ደግሞ መልኩ ሳምቡሳችንን ይመስላል፣ ነገር ግን ውስጡ አይብ አለው፣ በጾም አትታለዪ።

ከኮረብታው ሌላ ጎን ፎንትቪየ በተባለው ሰፈር የሉዊ ሁለተኛ ስታዲየም አለ። ገንዘቤ ዲባባ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2015 የ1500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ የሰበረችው እዚያ ነው። ክብረ ወሰኑ ከ1993 ጀምሮ ሳይደፈር የቆየ ነበር፤ ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን እስክታሻሽለው ድረስም ስምንት ዓመት ገደማ በገንዘቤ ስም ኖሯል። ልጅቷ ይህን ስነግራት ወደ ስታዲየሙ እንሂድ አለች። በሩ ዝግ ነበር። ግድግዳውን ነክታ ፎቶ ተነሣች፤ ካሲኖው ፊት እንኳ አንድ ፎቶ አልተነሣችም።

ከዚያ ላርቮቶ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄድን፤ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ወንበር ካልተከራየሽ አትከፍይም። ነጠላዋን አነጠፈች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ተኛች። ሁለት ሰዓት። አልቀሰቀስኳትም። አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ መተኛት?» ትሉ ይሆናል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ማንም ስሟን የማይጠራባቸው ሁለት ሰዓታት እነዚያ ብቻ ነበሩ።

ስንመለስ የሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገባችን የቆመች ሴት በስልክ በዓረብኛ ታወራ ነበር፤ ቱኒዚያዊት ናት፣ ሞናኮ ውስጥ የሰው ቤት ታጸዳለች። የእኔ ዓረብኛ የባሕረ ሰላጤው ስለሆነ ግማሹን በምልክት ተግባባን። ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ኒስ ቤቷ ትመለሳለች፣ ቁልፏ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ልጅቷ «ሥራዋ እንደ እኔ ነው?» አለችኝ። «እንደ አንቺ ነው» አልኳት። ከዚያ እስከ ኒስ አላወራንም። የኔ አቋም የተፈጠረው እዚያ ቆሜ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ወለል ይወለውላሉ። የአንደኛዋ ቀን ማታ ያበቃል፣ የሌላዋ አያበቃም። ያንን ሁሉ በአንድ ማክሰኞ አታስተካክይውም፤ ግን ቢያንስ በሳምንት አንዱ ቀን የሚያበቃ፣ የአንቺ የሆነ መሆን አለበት፤ የትም አገር ብትሆኚ።

«ጥፊ» እያልኩሽ አይደለም። ብቻዋን ወጥታ በሰዓቷ የተመለሰች ሴት ለሚቀጥለው ቀን የምትጠይቀው ይቀልላታል፤ ለሌላዋም እህት እንዲሁ። ባቡሩን ከሞናኮ አሳልፈሽ እስከ ጣሊያኗ ቬንቲሚሊያ አትቀጥዪ፤ ከዚያ ሲመለሱ ሜንቶን ላይ ፖሊስ ባቡር እያስቆመ ወረቀት ያያል። ትኬትሽን እስክትወርጂ አትጣዪው፣ ተቆጣጣሪ አለ። አደጋ ቢገጥምሽ 112 በመላው አውሮፓ የሚሠራ ቁጥር ነው፣ ፓሪስም ኤምባሲያችን አለ። ቤቱ ውስጥ ዱላና ማስፈራራት ካለ ደግሞ ጉዳይሽ የእረፍት ቀን አይደለም፤ ለማዳም ጥያቄ ከማቅረብሽ በፊት ለእነዚህ ደውዪ።

ስለ አጠያየቁ አንድ የሙያ ምክር አለኝ። «ኢጃዛ» አትበዪ። በሕጉ ኢጃዛ የዓመት ፈቃድ ነው፤ ማዳም ስትሰማው አገርሽ ልትገቢ መስሏት ትደነግጣለች። ሳምንታዊው «ራሓ» ነው። «ራሓ» ብቻም አትበዪ፣ «ራሐቲ» በዪ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» የእኔ ማለት ናት፤ ስጦታ እየለመንሽ ሳይሆን ያለሽን እያስታወስሽ መሆኑን በትሕትና ትናገርልሻለች። እንዲህ፦ «ማማ፣ አብጋ ዮም ራሐቲ አ-ሰላሳ፣ ወ ጀዋዚ መዓይ፣ ወ በርጀዕ አ-ሳዓ ሲት።» ማክሰኞ የእረፍት ቀኔን እፈልጋለሁ፣ ፓስፖርቴ ከእኔ ጋር ይሁን፣ ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ። ስድስት የእነሱ ነው፣ በእኛ አሥራ ሁለት። ሻንጣ ሳይዘጋ፣ እዚሁ እያለሽ ጠይቂ፤ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ሁልጊዜ እንግዳ አለ።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ዘንድሮም ወደ ኒስ ሊሄዱ ነው። በዚህ ጊዜ ራሷ በዓረብኛ ጠይቃለች። ማዳም «ከማን ጋር?» ስትላት «ለሓሊ» አለቻት፤ ብቻዬን። መልሱን እየጠበቀች ነው።