የቅዳሜ ጀርመንኛና አራተኛው ወንበር

ቅዳሜ ጧት ነው። እኛ ገና ከአልጋ ሳንወርድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ደብተሩን ይዞ ወደ ጀርመንኛ ትምህርት ይጓዛል። አንደኛዋ ባሏ ፍራንክፈርት የሚጠብቃት ሙሽራ ናት። ሁለተኛው ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ ነርስ ነው። ሦስተኛው እናቱ እጁን ይዛ የምትጎትተው የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ «አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ» እያለ ደረጃውን ይቆጥራል።

አራተኛው ሰው የለም። አራተኛዎቹ እኛ ልንሆን ይገባን ነበር።

ስለ ቅዳሜው ትምህርት በግቢያችን የሚወራውን እናውቃለን። «የስደት ትምህርት ቤት!» ይባላል፤ ይሾፋል፤ ይሳቃል። ለመሆኑ በማን ላይ ነው የምንስቀው? ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ወደ ትዳር ጓደኛው የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ደረጃ ቋንቋ አውቆ እንዲመጣ ትጠይቃለች። ሕጉን ሙሽራይቱ አላወጣችውም። ነርሱም ከደመወዙ ቆጥቦ፣ እንቅልፉን ሠውቶ ነው የሚማረው። እነሱ ለምን እንደሚማሩ ያውቃሉ። እኛስ ለምን እንደማንማር እናውቃለን?

«ኢትዮጵያን እናጠናለን» ባዮች ነን። የግዕዝ ሰዋስው ሲነሣ ዲልማንን እንጠራለን፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1857 የታተመው በጀርመንኛ ነው። ስለ አክሱም ስንጽፍ ሊትማን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱም የመጣው የእሱ ቡድን ጥናቱን በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ ያወጣው በጀርመንኛ ነው። ይባስ ብሎ የገዛ አማርኛችንን ሰዋስው ፕሬቶሪዩስ እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመንኛ ጽፎታል። ከመካከላችን ከእነዚህ አንዲት ገጽ ያነበበ ማነው? እውነቱን እንነጋገር፦ ስማቸውን ከሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ገልብጠን በጽሑፋችን መጨረሻ እንደረድራለን፤ ያላነበብነውን እንዳነበብን ሆነን። ይኼ ነገር በሰፈር ቋንቋ ምን እንደሚባል ለእናንተ አንነግርም።

«ዲልማን እኮ በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል!» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ተተርጉሟል። ታዲያ ሌላው ሁሉ ተራው እስኪደርስ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው? የቱ ይተርጎም የቱ ይቅር ብሎ የሚመርጥልንስ ማነው? «ስልካችን ይተረጉመዋል» የሚልም አለ። ይተርጉም! ሊትማን አንዲት የድንጋይ ጽሕፈት አሳስቶ አንብቦ ከሆነ ግን ስልኩ አይከራከርልንም። መከራከር የእኛ ፋንታ ነው፤ ሳያነቡ መከራከር ደግሞ ጩኸት ነው።

ድሮ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ከተማ ድረስ ሄዱ። ሉዶልፍ ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ ጻፈ። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተመ። ይህ ሰው አገራችንን አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም፤ ቋንቋችንን የተማረው አንብቦ ለማወቅ ነበር። አለቃ ታዬም እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በርሊን ላይ አስተምረዋል። ያኔ መምህሮቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ እኛ ተማሪ መሆን እንኳ አቃተን!

ወደዚያ ትንሽ ልጅ እንመለስ። እናቱን አንወቅስም። ቅዳሜ በጀርመንኛ ሲቆጥር ደስ ይለናል፤ እሑድ ደግሞ ሀ ሁ ሲያነብ ብናየው ደስታችን ይሞላል። ግዕዝና አማርኛ የማያነብ ሰው ሊትማንን በምን ሊመዝነው ነው? የሰው ቋንቋ የሚያበለጽገው የራሱን ያልጣለውን ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የትምህርት ክፍሎቻችን ለማንበብ ያህል የሚበቃ ጀርመንኛ ይስጡን። እስኪሰጡን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ክፍያው ይከብዳል? አዎ፣ ይከብዳል። እንግዲያው አምስት አምስት ሆነን ገንዘብ እናዋጣና አንዳችንን እናስመዝግብ። የተማረው ማታ ማታ ለአራታችን ያስተምር። ከዚያ ፕሬቶሪዩስን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በሳምንት አንዲት ገጽ፣ አንዲት ብቻ፣ እናንብብ። የተሳሳተውን እናርም፤ የተማርነውን በዚችው መጽሔት እናውጣ።

ቅዳሜ ጧት አራተኛው ወንበር ባዶ ነው። ማን ይነሣል?