ማመልከቻ የሚጻፈው ለማን ነው?

ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ወራት ሙሉ ማመልከቻ ሲበትኑ የሚከርሙ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። መልስ ሲጠፋ ብዙዎቹ «አልበቃሁም ማለት ነው» ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ከማኅበርም ከጓደኛም ይርቃሉ። ይኸ መጽሔት በዚህ ጉዳይ ዝም ሊል አይገባውም። ጊዜውም ቢሆን አይጠብቅም። በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ ተምሮ የተመረቀ ሰው በሙያው እንዲሠራ የሚፈቀድለት ዘመን በመደበኛው አሥራ ሁለት ወር ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ ሊቆይ የሚችለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። በጀርመን ለተመራቂ የሚሰጠው የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ እስከ 18 ወር ይደርሳል። ቀኑ የተቆጠረበት ሰው በዘፈቀደ ሊፈልግ አይችልም።

ዩ.ኤክስ. ዲዛይን የሚባል ሙያ አለ፤ ዕቃና አገልግሎት በሚገለገልባቸው ሰው ልክ እንዲሠሩ የሚጥር ሙያ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ በር ጽፈዋል። መያዣው «ሳበኝ» የሚል፣ የሚከፈተው ግን ሲገፉት የሆነ በር አለ። ሰውዬው ይስባል፤ በሩ እምቢ ይላል፤ ሰውዬው ያፍራል። ፕሮፌሰሩ እንደሚያስተምሩት ጥፋቱ የሰውዬው ሳይሆን የበሩ ነው። እኛም ይኸን ትምህርት ለሥራ ፍለጋ እንድናውለው እንሻለን፤ ሁለት ወገን ስላለው ግን ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ወገን በሩን የሠራነው እኛው ነን። ሲቪ የሚጻፈው ለጻፈው ሰው አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ክምር ወረቀት ተቆልሎበት፣ ደክሞት፣ ስለ አገራችን ምንም ሳያውቅ ለሚያነበው ሰው ነው። የኛ ሲቪ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሕይወት ታሪክ ከትውልድ ቦታና ከጋብቻ ሁኔታ ተነሥቶ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል አድርጎ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ወደ ሙያው ይደርሳል። አሜሪካዊው ቀጣሪ ዕድሜንም ፎቶግራፍንም አይጠብቅም። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ዓመቱን ሳይለውጥ ቢጽፈው በአንባቢው ዓይን ስምንት ዓመት ያረጃል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ትሕትናችን ነው። ሥራውን ብቻውን ሌት ተቀን ሠርቶ የጨረሰ ልጅ «በሥራው ተሳትፌአለሁ» ብሎ ይጽፋል። (በአባቶቻችን ፊት ራስን ማመስገን ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ዳሩ ግን «ምን ሠራህ?» ለሚል ሰው የሠሩትን መንገር ውዳሴ አይደለም።)

የሙያው ትልቁ ብልሃት ሳይፈትኑ አለማመን ነው። ያኮብ ኒልሰን የተባሉት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደተከራከሩት አምስት ሰዎች ብቻ ቢሞክሩት እንኳ የአንድ ሥራ አብዛኛው ጉድለት ይገለጣል። እንግዲህ ሁለት መቶ ቦታ ከመላክ በፊት ወረቀቱን በዚያው ሙያ ለሚሠራ ሰው ለግማሽ ደቂቃ ማሳየት፣ ከዚያም መንጠቅና «ምን አስታወስክ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ማስረዳት ክልክል ነው፤ ለቀጣሪው ማን ያስረዳለታል? የሚያሞግስ ጓደኛም ለዚህ ፈተና አይጠቅምም።

ስለ ጓደኛ ካነሣን አይቀር፣ ማርክ ግራኖቬተር የተባሉት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በቦስተን አጠገብ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን ጥናት ማስታወስ ይገባል። ሥራቸውን በሰው በኩል ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው ይገናኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከጠቋሚያቸው ጋር አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚተያዩ ነበሩ። በየሳምንቱ አብረን እንጀራ የምንቆርሰው ሰዎች የምናውቀውን ነው የሚያውቁት። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ለተዋወቅነው ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሊያሳፍረን አይገባም።

ሁለተኛው ወገን ግን አለ፤ እሱን የሚዘነጋ ምክር ሁሉ ውሸት ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ሁለት ተመራማሪዎች ወደ ቦስተንና ቺካጎ ቀጣሪዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን ልከው ነበር። የነጭ ስም የተጻፈባቸው የጥቁር ስም ከተጻፈባቸው ይልቅ በግማሽ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ። ወረቀቱ እኩል ነበር። ይኸን በር ምንም ዓይነት የቃላት አሰካክ አይከፍተውም፤ ገፍቶ የደከመውም ሰው ራሱን የሚወቅስበት ምክንያት የለም።

አገር ቤትስ? በብዙ የሥራ ማስታወቂያ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይባላል። አንዳንዱም ተመራቂው ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ በአካል እንዲቀርብ ያዛል። ልጁ ያለው ጅማ ወይም ጎንደር ቢሆን የአውቶቡሱን ዋጋ ማን ይከፍላል? ማስታወቂያውን ያወጣው ሰውስ ራሱ አንድ ቀን ሰልፍ ይዞ ሞክሮት ያውቃል? አብረውን ተምረው ዛሬ በቅጥር ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጡ ወንድሞችና እህቶች ይኸንን ለመለወጥ በጀት አያስፈልጋቸውም። ደመወዙን መጻፍ፣ ማስረጃን በኢሜይል መቀበል፣ ላልተመረጠውም አንድ መስመር መልስ መስጠት ይችላሉ። ዝምታን የመሰለ ክፉ በር የለም፤ የተዘጋ ይሁን የተከፈተ አይታወቅም።

በውጭ ያላችሁ አንባቢዎቻችን መልስ ያጣችሁባቸውን ማመልከቻዎች ስምና አድራሻ እየሰረዛችሁ ላኩልን። በየሙያው ያሉ አምስት አንባቢዎች ፈልገን እናስነብባቸዋለን፤ ያሉትንም ሳናለዝብ እንመልስላችኋለን። በአገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ያስቸገሯችሁን የሥራ ማስታወቂያዎች ላኩልን፤ የቀጣሪውን ስም አናወጣም፤ ማስታወቂያው ግን ምን ተብሎ ቢጻፍ እንደሚሻል ጎን ለጎን አድርገን እናትማለን።