ማዕድን የሚባለው ምንድር ነው

ሕግ የሚሠራው በቃሉ ነው። ቃሉ ተለይቶ ያልታወቀ እንደ ሆነ ዳኛው በፍርድ፥ ሹሙ በትእዛዝ፥ ባለጉዳዩም በአቤቱታ ይደክማሉ። ስለዚህ በማዕድን ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ማዕድን የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው።

ወርቅ ማዕድን መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ለቤት መሠረት የሚፈለጠው ድንጋይ፥ ከወንዝ ዳር የሚዛቀው አሸዋ፥ ከአፋር በረሓ በግመል የሚጫነው አሞሌ ጨው ማዕድን ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ይህም ክርክር በሌላ አገር ደርሷል። የእንግሊዝ መንግሥት የባቡር ሐዲድ ሕግ ከሰልንና የብረት ድንጋይን በስም ከቈጠረ በኋላ የቀረውን ሌላ ማዕድን ብሎ ስላለፈ፥ ነገሩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. በታተመው የፍርድ መጽሐፍ እንደሚገኘው፥ ለሸክላ ዕቃ የሚሆነው ነጭ አፈር ማዕድን ነው ሲባል፥ የአሸዋ ድንጋይ ግን አይደለም ተባለ።

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቍጥር 678 ደግሞ ማዕድንን በምድር ላይ ወይም በምድር ውስጥ በመገኘቱና ለኢኮኖሚ ባለው ጥቅም ለየው። ጨውንም ሳይተው፥ የከበረውን፥ ብረት ነኩን፥ የኢንዱስትሪውንና የኮንስትራክሽኑን በየወገኑ አቆመ። አዋጁ በወጣ ጊዜ ለመንግሥት የሚገባው የሮያሊቲ ክፍያ ለኮንስትራክሽን ማዕድን ከመቶ 3፥ ለብረት ነክ ማዕድን ከመቶ 5 ነበር። እንግዲህ የአንድ ድንጋይ ስም መለየት የቃል ጨዋታ አይደለም፤ ፈቃዱና ግብሩ ከስሙ ይከተላሉ።

ማዕድን በጥቅሙ የሚለይ ከሆነ ጥቅሙ በታወቀ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በወሎ በደላንታ፥ በወገል ጤና አካባቢ፥ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል በተገኘ ጊዜ የታየው ይህ ነው። ገደሉም አፈሩም የቀድሞው ሲሆን፥ ገበያው ስለ ፈለገው ብቻ ድንጋዩ ማዕድን ሆነ፤ ገበሬውም ሞፈሩን ትቶ መቈፈሪያ ያዘ። ያን ጊዜ ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ ያልተነገረው ሰው ሳያውቅ ሕግ ተላላፊ ይሆናል፤ ለደላላ በርካሽ ይሸጣል፤ ድጋፍ በሌለው ጕድጓድ ውስጥም ገብቶ ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል።

ሹም የሆነ ሰው ቃሉን እንደ ፈቃዱ ማስፋትም ማጥበብም አይገባውም። ሁሉን ማዕድን ብሎ የሚከለክል ሹም ሕጉን በሕዝብ ዘንድ ያስጠላል፤ ምንም ማዕድን አይደለም ብሎ የሚተው ደግሞ የሕዝብን ሀብት ለጥቂቶች ያስበላል። የሚሻለው መንገድ በየወረዳው የሚገኘው ድንጋይና አፈር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ፥ ፈቃዱም ከፌዴራል መንግሥት ወይም ከክልል እንደሚጠየቅ ለይቶ፥ ሳይቈፈር አስቀድሞ ማስታወቅ ነው።

በቀድሞው ዘመን አዋጅ በነጋሪት እየተጐሰመ በገበያ ይነገር ነበር፤ የሕጉ ጋዜጣም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ዛሬም ሹማምንቱ በገበያ፥ ካህናቱም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሕጉን ቃል ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ቢያስረዱ፥ ከምድር የሚወጣው ሀብት ጠብንና ሞትን ሳይሆን በረከትን ያመጣል።