ስለ ዲሽና ስለ ክረምት ዝናብ

በአምቦና በጉደር በየቤቱ ጣራ ላይ ዲሽ ተተክሎ ይታያል። በክረምት ምስሉ በጠፋ ጊዜ ግን የቤቱ ልጅ ዲሹን ሊያዞር በራሰው ቆርቆሮ ላይ ሲወጣ ማየታችን እጅግ ያሳዝነናል። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት በምሥራቅ ኬንትሮስ 57 ዲግሪ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከምድር ጋር እኩል ይዞራልና ለሚያየው ዲሽ ከስፍራው ፈቀቅ አይልም። ሞገዱን የሚያደክመው ብርቱ ዝናብ ነውና እስኪያባራ መታገሥ ይገባል። ካባራ በኋላም ምስሉ ካልተመለሰ፣ አስቀድሞ ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ገመዱ እንዳልላላ መመርመር፣ ቀጥሎም በምሥራቅ በኩል ባሕር ዛፍ አድጎ እንዳልጋረደው ከመሬት ሆኖ መመልከት ነው። ከዚህ የተረፈው የባለሙያ ሥራ ነው። ያመለጠ ወሬ ነገ ይሰማል፤ ከጣራ ለወደቀ ልጅ ግን ጸጸት አይበጀውምና የቤተሰብ አባቶችና እናቶች ይህን እንዲያስቡበት እናሳስባለን።