ዘጠና ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ባህር ዳርቻ

ባህር በሌላት አገር ዋና ከተማ የሚኖር ቤተሰብ በውጭ አገር የባህር ዳርቻ ላይ ቤት በረጅም ዘመን ሊዝ ለመያዝ ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያመዛዝነው ዋጋውንና የዘመኑን ርዝመት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ግን የውሉን እውነተኛ ዋጋ አያሳዩም። የባህር ማዶ ሊዝ በመሠረቱ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ሲሆን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚወስኑት አራት ጉዳዮች ናቸው፤ እነርሱም መሬቱ ከመጀመሪያው ለማን በምን አግባብ እንደተሰጠ፣ ባለሊዙ ቤቱን በዓመት ስንት ቀን እንደሚጠቀምበት፣ ግዴታው በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ እንዲሁም ዘመኑ ሲያልቅ ወይም ባለመብቱ ሲሞት መብቱ ወዴት እንደሚሄድ ናቸው። በእነዚህ መመዘኛዎች ሲታይ፣ ገቢው በብር ለሆነ ቤተሰብ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የማያዋጣ ነው።

የጉለሌ ትምህርት

ሊዝ ምን እንደሆነ ለመረዳት የጉለሌ ነዋሪ ከብዙ አገር ሰዎች የቀደመ ልምድ አለው። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነባር ይዞታ፣ የቀበሌ ቤትና የሊዝ ይዞታ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በዚህች ከተማ መሬት በሕጋዊ መንገድ በግል ተሸጦ አያውቅም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቶታል። የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ሲጀመርና በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 እንደገና ሲደራጅ ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው ዘመን 99 ዓመት ሆነ። ጨረታ ያሸነፈ ሰው ቢያንስ የሊዙን ዋጋ 10 በመቶ በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን ከወለድ ጋር በየዓመቱ እንዲከፍል፣ ዘመኑ ሲያበቃም እድሳቱ በጊዜው በሚኖረው የመነሻ ዋጋ እንዲፈጸም ተደነገገ። በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ እንዲገባ የተደረገውም በዚሁ አዋጅ ነው። በመሆኑም በእጅ ያለው የመሬቱ ባለቤትነት ሳይሆን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት መሆኑ ለዚህ ሰፈር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁንና የጉለሌ ገዢ የሚጠበቀው በውሉ ብቻ አይደለም። ቤት ሲገዛ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ እዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከመሥሪያ ቤቱ ያጣራል፤ ከዚያም የሰፈሩን ሽማግሌ፣ የእድሩን ዳኛና የአጥሩን ተዋሳኝ ይጠይቃል። ቦታው በወንዝ ዳር ክልል ወይም ከእንጦጦ ደን ጋር በተያያዘ አረንጓዴ ስፍራ ውስጥ ይግባ አይግባ፣ ወራሾች ተካሰው እንደሆነ፣ አጥሩ ከመንገድ ተገፍቶ እንደሆነ ከወረቀቱ ይልቅ ጎረቤት ያውቀዋል። ጭቅጭቅ ቢነሳ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ ይሰማል፣ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ይገኛል፣ ጠበቃውም ቅርብ ነው። ይህ ያልተጻፈ ጥበቃ ድንበር አይሻገርም። ተመሳሳይ የ99 ዓመት ውል በሌላ አገር ሲፈረም የሚጎድለው ይኸው ሲሆን፣ የውጭ አገር ሊዝ የመጀመሪያው ስውር ወጪም እሱን በክፍያ ለመተካት የሚወጣው የጠበቃ፣ የቀያሽና የመዝገብ ምርመራ ወጪ ነው።

አንድ ቁጥር፣ ብዙ መብት

99 የሚለው ቁጥር በተለያዩ አገሮች የተለያየ መብትን ይሸፍናል። የ2010 (እ.ኤ.አ.) የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 65 ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ እንደሆነና ዘመኑም ከ99 ዓመት እንደማይበልጥ ይደነግጋል፤ ከዚያ የረዘመ ውል ቢፈረም እንኳ እንደ 99 ዓመት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የአገሪቱ የመሬት ሕግ ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከከፍተኛው የባህር ሙላት መስመር ቀጥሎ ያሉትን የመጀመሪያና የሁለተኛ ረድፍ ቦታዎች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ብሎ ስለሚመድብ፣ የውጭ ዜጋ በእነርሱ ላይ የሚያደርገው ግብይት የሚኒስትሩን ፈቃድ ይጠይቃል። በዱባይ ለውጭ ዜጎች በተከለሉ አካባቢዎች ሙሉ ባለቤትነትም እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የመጠቀም መብትም ይፈቀዳል። የታይላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኖሪያ ኪራይን በ30 ዓመት ሲገድብ፣ ሜክሲኮ ከባህር ዳርቻዋ 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ መሬት በውጭ ዜጋ ስም በቀጥታ እንዳይመዘገብ ከልክላ በባንክ በኩል የሚያዝ የአደራ ውልን ብቻ ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያም ብትሆን በሰኔ 2017 ዓ.ም. በጸደቀ አዋጅ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው ስትፈቅድ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር እንዲያወጡ በመጠየቅ ነው። አገሮች ሁሉ ለእንግዳ በሩን የሚከፍቱት በራሳቸው ልክ ስለሆነ፣ ከዘመኑ ርዝመት ይልቅ የበሩን ስፋት ማወቅ ይቀድማል።

የመሬቱ መነሻ

ከአደጋዎቹ ሁሉ ከባዱ ገዢው ራሱ ምንም ሳያጠፋ ከእርሱ በፊት በተፈጸመ ስህተት መብቱን የሚያጣበት ነው። ለዚህ ከሞምባሳ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። በከተማዋ ኒያሊ በተባለው አካባቢ ባህሩን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1989 ለወቅቱ ፕሬዚዳንት ለዳንኤል አራፕ ሞይ ተሰጥቶ፣ ከእርሳቸው ለአንድ ኩባንያ፣ ከዚያም ዲና ማኔጅመንት ለተባለ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። የመጨረሻው ገዢ በስሙ የተመዘገበ ሰነድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የሞምባሳ ካውንቲ ቦታው ወደ ባህር የሚያደርስ የሕዝብ ክፍት ስፍራ ነው በማለት በባህሩ በኩል ያለውን አጥር አፈረሰ። ክርክሩ እስከ ኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ውሳኔ ሲያገኝ፣ ፍርድ ቤቱ ከመነሻው በሕግ አግባብ ያልተሰጠ መሬት ሲሸጥና ሲለወጥ ሕጋዊ አይሆንም፤ የመጨረሻው ገዢም በቅን ልቦና ገዛሁ በማለት ጥበቃ አያገኝም ሲል ወሰነ።

የውሳኔው ትርጉም ከአንድ አጥር የሰፋ ነው። በኬንያ የሕዝብ መሬት በሕገወጥ መንገድ የታደለበትን ሁኔታ የመረመረው የንዱንጉ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ሪፖርት ችግሩ የተስፋፋ መሆኑን አሳይቷል። በባህር ዳርቻው ላይ ደግሞ ከቅኝ ግዛት ዘመን ምዝገባ የተነሳ፣ በአካባቢው ነባር ማኅበረሰቦችና በሰነድ ባለቤቶች መካከል ያለው ጭቅጭቅ ዛሬም አልበረደም። ስለዚህ የመዝገብ ቤት ማረጋገጫ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቦታው መጀመሪያ ለምን አገልግሎት ተከልሎ እንደነበረ፣ ማን እንደሰጠውና የመስጠት ሥልጣን እንደነበረው እስከ መጀመሪያው ርክክብ ድረስ ወደ ኋላ መመርመር ግድ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሌላው የዓለም ጫፍም ደርሷል። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ በኤንሴናዳ አቅራቢያ በምትገኘው ፑንታ ባንዳ፣ በርካታ አሜሪካውያን ከአንድ የገበሬዎች የጋራ ይዞታ ማኅበር መሬት ተከራይተው በገዛ ገንዘባቸው ቤት ሠርተው ነበር። ፍርድ ቤት መሬቱ የማኅበሩ ሳይሆን የሌሎች ባለቤቶች መሆኑን በመወሰኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ተከራዮቹ ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። አከራዩ የሌለውን መብት ሊያከራይ ስለማይችል፣ የውሉ ማማርም ሆነ የቤቱ ማማር አላዳናቸውም።

የዋጋው ስሌት

መነሻው ንጹሕ ነው ቢባል እንኳ ስሌቱ ገና ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የረጅም ዘመን ማባበያ በቁጥር ሲፈተሽ ይሟሽሻል። ወደፊት የሚገኝ ጥቅም ዛሬ ከሚገኘው ያነሰ ዋጋ ስላለው በዓመት 8 በመቶ እየተቀነሰ ቢሰላ፣ ከ99 ዓመት ሊዝ ጠቅላላ ዋጋ 90 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 30 ዓመታት፣ 98 በመቶ ያህሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 50 ዓመታት ውስጥ ይጠቃለላል። ሻጩ ለቀሪዎቹ 49 ዓመታት ብሎ የሚጠይቀው ጭማሪ እንግዲህ ለ2 በመቶ ጥቅም የሚከፈል ነው።

ሁለተኛው ስሌት የአጠቃቀም ነው። አንድ ቤተሰብ ለሊዙ 100,000 ዶላር በቅድሚያ ከፍሎ፣ ለጥበቃ፣ ለጥገናና ለጋራ አገልግሎት በዓመት 3,000 ዶላር ያወጣል ቢባል፣ ገንዘቡ በሌላ ሥራ ላይ ውሎ ሊያስገኝ የሚችለው 8,000 ዶላር ሲደመርበት ዓመታዊ ወጪው 11,000 ዶላር ይሆናል። ቤተሰቡ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ የሚያርፍ ከሆነ የአንዱ ሌሊት ዋጋ 785 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ ገንዘብ ማረፊያ የሚከለክል ሆቴል በሞምባሳ ዳርቻ ጥቂት ነው። ቤቱን በቀሪው ጊዜ ለቱሪስት አከራይቶ ወጪውን ማካካስ ይቻላል የሚለው መልስ ሁልጊዜ ይቀርባል፤ ነገር ግን የኬንያ ግብር ሕግ ነዋሪ ላልሆነ አከራይ ከኪራዩ ላይ 30 በመቶ ያስቀራል፣ አስተዳዳሪውም ድርሻውን ያነሳል፣ የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ቱሪስቱን ያርቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸጥታ ስጋት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲያስከትል የባህር ዳርቻው ሆቴሎች እንግዳ አጥተው እንደነበር ደግሞ የሚረሳ አይደለም።

ባህሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ጨው ያዘለ ነፋስ የበር ማጠፊያን፣ የጣሪያ ቆርቆሮን፣ የአየር ማቀዝቀዣን ማሽንና በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት ሳይቀር ያዝጋል፤ ብረቱ ሲዝግ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከእንጦጦ ግርጌ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የመጣ ሰው ለቀለምና ለቆርቆሮ የሚይዘው የጥገና በጀት ለዚህ አይበቃም። ማዕበል ዳርቻውን እየበላ ሲመጣ የሚቀንሰው ቦታ የባለሊዙ ሲሆን፣ ክፍያው ግን አብሮ አይቀንስም።

የገንዘቡ ዓይነት

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ የሚከፋው አደጋ በገቢውና በግዴታው መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከላይ የተጠቀሰው 3,000 ዶላር ዓመታዊ ወጪ ከ171 ሺህ ብር ወደ 360 ሺህ ብር ወጣ ማለት ነው፤ ቤቱ አንድ ክፍል ሳይጨመርለት፣ የባለሊዙም ደመወዝ በእጥፍ ሳያድግ። በዚህ ላይ ለባህር ማዶ ቤት የሚሆን ምንዛሪ በባንክ መስመር ማግኘት አዳጋች በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ወደ ጥቁር ገበያና ወደ ሕገወጥ ሐዋላ ያመራል። ይህ መንገድ በሕግ ከማስጠየቁ ባሻገር ሌላ መዘዝ አለው፤ የገንዘቡ ምንጭና መንገድ በሰነድ ያልተደገፈ ሰው ቤቱን ሲሸጥ ባንክ ሲጠይቀው፣ ወይም ሻጩ ሲክደው፣ ከፍያለሁ የሚልበት ማስረጃ አይኖረውም። በዶላር ገቢ ሳይኖር የዶላር ግዴታ መግባት አበው "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ያሉት ዓይነት ነው።

በዱባይ የሚገኝ ቤት ከዚህ አንጻር የተለየ መልክ አለው። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዶላር 3.6725 ላይ የተቸነከረ ስለሆነ የምንዛሪው መዋዠቅ በአንድ በኩል ብቻ፣ ማለትም በብሩ በኩል ነው። የ2 ሚሊዮን ድርሃም ንብረት ያለው ሰው የ10 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህም ገና ያልተገነባ ቤት የሚሸጥ አልሚ የገዢውን ገንዘብ በዝግ የአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። ይህም ሆኖ በዚያው ከተማ የቤት ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ክፉኛ መውደቁ፣ ጥሩ ሕግ ከማጭበርበር እንጂ ከገበያ ውድቀት እንደማያድን ያስገነዝባል።

የመውጫው በር

የመጨረሻው መመዘኛ መውጫ ነው። ቀሪው የሊዝ ዘመን ሲያጥር ባንክ በመያዣነት ለመቀበል ያመነታል፣ ገዢም ዋጋ ይሰብራል፤ አከራዩ ዝውውርን የመፍቀድ ሥልጣን ካለው ደግሞ ፈቃዱን ዋጋ ሊያስከፍልበት ይችላል። ባለመብቱ ሲሞት ቤቱ ያለበት አገር ሕግ ይቀድማል። በተባበሩት የአረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ ንብረቱ ግማሹ ለትዳር ጓደኛው፣ ግማሹ ለልጆቹ እንዲከፈል የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል፤ ይህ የጉለሌ ቤተሰብ ከሚጠብቀው ክፍፍል ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ በዚያው አገር የተመዘገበ ኑዛዜ ከሊዙ ውል እኩል ሊዘጋጅ ይገባል። በኬንያ በኩል ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ መግባቱ ለጉዞ ቢመችም፣ ሊዝ መያዝ በራሱ የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም።

ለዚህ ሙግት ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከዲያስፖራው ነው። በዶላር ወይም በድርሃም የሚያገኝ፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት በቤቱ የሚኖር፣ ቤቱ ባለበት አገርም ለመውጫው የሚረዳው ጠበቃና ወዳጅ ያለው ሰው፣ ከአራቱ መመዘኛዎች ሦስቱን አስቀድሞ ያልፋል፤ የቀረውን የመሬቱን መነሻ በአግባቡ ካስመረመረ ውሉ ሊያዋጣው ይችላል። ይህ ግን ሙግቱን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ያዋጣው ሊዙ ሳይሆን የራሱ ሁኔታ ነውና። ገቢው በብር የሆነና በዓመት ሁለት ሳምንት ባህር ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ለሁለት ሳምንት ሆቴል ቢከራይ የመሬቱ መነሻ፣ የጨዉ ዝገት፣ የውርሱ ሕግና የዘመኑ ማለቅ የአከራዩ ራስ ምታት ሆነው ይቀራሉ። የምንዛሪው ዋጋ ቢጨምርም በሚቀጥለው ዓመት አለመሄድ ይችላል፤ ይህን ነጻነት የ99 ዓመት ውል አይሰጥም።