ፎቶግራፉ የአንዱ፣ ዕዳው የሌላው

ዐባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ ጉማሬ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት በሞተር ጀልባ መሄድ የተለመደ ነው። ድንኳን ይዞ ከሐይቁ ዳር የሚያድርም አለ። አገርንና አራዊቷን ለማወቅ መድከም የሚያስመሰግን ስለ ሆነ ይህን አንነቅፍም። የምንነቅፈው «ጠመንጃ ይገድላል እንጂ ካሜራ ማንን ጐዳ?» የሚለውን አስተሳሰብ ነው።

ባለካሜራው «ጠጋ በል፣ ጥቂት ጠጋ በል» እያለ ጀልባ ነጂውን ሲያስጨንቀው፣ ነጂውም የዕለት እንጀራውን እንዳያጣ ሲል ግልገል ወዳስከተለች እናት ሲጠጋ፣ ጕዳቱ በዚያ ይጀመራል። ጉማሬው አፉን በከፈተ ጊዜ ተመልካቹ «አዛጋልን» ብሎ ይደሰታል። ዳሩ ግን ያ አፍ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ክራንቻን አሳይቶ «ተመለስ» ለማለት ነው።

በሞተር የመጣው በሞተር ያመልጣል። በማግስቱ በዚያው ውሃ የሚያልፈው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የተቀመጠው ዓሣ አጥማጅ ነው። ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን እንስሳ ትናንት ያስቈጣውን ዛሬ ከሚያልፈው ለይቶ ይተወዋል ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የድንኳኑም ነገር ከዚህ አይለይም። ጉማሬ ቀን በውሃ ውሎ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ ምድር ይወጣል፤ በአንድ መንገድም ደጋግሞ ስለሚመላለስ ዱካው በግልጥ ይታያል። በዚህ መንገድ ላይ ድንኳን መትከልና በጨለማ መብራት እያበሩ መከተል፣ እንስሳውን አስበርግጎ ማሳ ጠባቂ ወደ ሆነው ገበሬ መንዳት ነው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ዘብ አይቆምም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሹማምንት ጀልባ ከጉማሬ የሚርቅበትን ልክ በደንብ ይወስኑ፤ ያስከብሩትም። ለነጂው የሚከፈለው በሰዓት ይሁን፤ ስለ መቅረቡ ጉርሻ አይሰጠው። እናትና ግልገል በታዩ ጊዜ ጀልባው ይመለስ። በሩቅ የሚያነሣ ሌንስ የሌለው ሰው በዓይኑ አይቶ ይርካ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ሐይቁ ሲወስዱ አስቀድመው የእንስሳውን ጠባይ ያስተምሩ።

የተመኘውን ፎቶግራፍ ያላገኘ ሰው የሚቀርበት አንድ ሥዕል ነው። ታንኳው የተገለበጠበት ሰው ግን ነፍሱን ያጣል።